ሁለት ቴምብር የሚከፈልበት ደብዳቤ፤ ከሐረር እስከ ባሕር ማዶ

ዛሬ ከጊደር መጋላ ወደ ፓሪስ ወይም ወደ ኒውዮርክ ደብዳቤ ለመላክ የሚፈልግ ሰው ፖስታ ቤት ገብቶ የኢትዮጵያን ቴምብር ይገዛል፤ ይለጥፋል፤ አስረክቦም ወደ ሥራው ይመለሳል። ቴምብሩን ማን ያውቅለታል ብሎ የሚጨነቅ የለም። ነገር ግን ከ1895 እስከ 1908 ድረስ ከዚህችው ከተማ ወደ ውጭ አገር የተጻፈ ደብዳቤ በአንድ መንግሥት ቴምብር ብቻ ካሰበበት አይደርስም ነበር። በፖስታው ላይ የአፄ ምኒልክ መልክ ያለበት ቴምብር ይለጠፋል፤ ከአጠገቡም የፈረንሳይ ግዛት ቴምብር ይጨመርበታል። የመጀመሪያው ደብዳቤውን እስከ ጠረፍ ያደርሰዋል፤ ሁለተኛው ባሕር ያሻግረዋል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ የተነሣነው ሁለቱ ቴምብሮች ለምን ጎን ለጎን እንደ ተቀመጡና አንደኛው እንዲነሣ ምን ያህል ዘመን እንደ ፈጀ ነው።

በታሪኩ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ በቴምብር ሰብሳቢዎች መጻሕፍት ዘንድ የሚሠራበት እርሱ ስለ ሆነ ነው። ዓመተ ምሕረት ባስፈለገ ጊዜ ለይተን እንጽፈዋለን።

ቴምብር ከመምጣቱ በፊት ደብዳቤ አልነበረም ማለት አይደለም። በአገራችን ደብዳቤ የሚሄደው በታመነ ሰው እጅ ነበር። መልእክተኛው ወረቀቱን በተሰነጠቀ ዘንግ ጫፍ ላይ ሰክቶ ከፍ አድርጎ ይዞት ይጓዛል፤ ያንን ዘንግ ያየ ሰው የጌታ መልእክት እንደ ሆነ ዐውቆ መንገድ ይለቅለታል፤ ማደሪያም አይነፍገውም። ስለዚህ ያን ጊዜ ደብዳቤ የይለፍ ወረቀትም ጭምር ነበር። ለዚህ ከራሳችን ከተማ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በጥር ወር 1855 ወደ ሐረር በመጣ ጊዜ በመንገድ ላይ የለበሰው የዓረብ ነጋዴ ልብስ እንደማያዋጣው ተረዳ፤ ስለዚህ በዓደን የእንግሊዝ መንግሥት ሹም ለአሚር አሕመድ ኢብን አቡበከር የጻፈው የሚመስል ደብዳቤ በገዛ እጁ ጻፈ። ራሱ ጸሐፊ፤ ራሱ መልእክተኛ ሆነ ማለት ነው! ይህ ደብዳቤ ባይኖር ኖሮ በርተን አሥሩን ቀን በግንቡ ውስጥ በደኅና ባላደረ ነበር እንላለን። ሲመለስ ግን የያዘው እውነተኛ ደብዳቤ ነው፤ አሚሩ በዓደን ላለው ሹም የሚደርስ ደብዳቤ ሰጥተው አሰናበቱት። የሐሰቱ ደብዳቤ ወደ ላይ ወጣ፤ የእውነቱ ወደ ታች ወረደ።

ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ሲቀር ምን እንደሚያስከትል ደግሞ የአፄ ቴዎድሮስ ታሪክ ያስረዳል። አፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት ወር 1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የወዳጅነት ደብዳቤ ጽፈው በቆንሲሉ በካሜሮን እጅ ላኩ። ደብዳቤው ለንደን ደርሶ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተቀመጠ፤ መልስም አልተሰጠውም። ንጉሡ ተናቅሁ ብለው ቆንሲሉንና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ፤ በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ድረስ መጣ። ያ ጦር የራሱን የፖስታ ሥራ ይዞ ስለ መጣ ወታደሮቹ ከዙላ ወደ አገራቸው ሲጽፉ በህንድ ቴምብር ይጠቀሙ ነበር። ባልተመለሰ ደብዳቤ ምክንያት የመጣ ጦር ቴምብር ይዞ መምጣቱ እኛን እጅግ አስገርሞናል።

ወደ ሐረር እንመለስ። በ1875 በራውፍ ፓሻ የሚመራ የግብፅ ጦር ከተማችንን ያዘ፤ እስከ 1885ም ቆየ። በዚህ ዘመን አውሮፓውያን ነጋዴዎች በግንቡ ውስጥ መቀመጥ ጀመሩ፤ ቡና፤ ቆዳና የዝሆን ጥርስም ወደ ዓደን መላክ በረታ። ነጋዴ ባለበት ደብዳቤ አለ፤ ዋጋው፤ ሚዛኑ፤ ዕዳው ሁሉ በወረቀት ነውና። በዚያን ጊዜ ከሐረር ከጻፉት ሁሉ ስሙ የገነነው አርተር ራምቦ ነው። ራምቦ በታኅሣሥ 1880 የባርዴ ኩባንያ ሠራተኛ ሆኖ መጣ፤ በዚያውም ወር በሰሜን ፈረንሳይ ለሚኖሩት ለእናቱና ለእኅቱ መጻፍ ጀመረ። ብዙ ሰው እርሱን በግጥሙ ያውቀዋል፤ ከሐረር የጻፋቸው ደብዳቤዎች ግን ስለ ግጥም የሚናገሩት ነገር የለም። መጻሕፍት ላኩልኝ፤ ገንዘብ ላክሁላችሁ፤ ሥራው አድካሚ ነው፤ ደብዳቤያችሁ ዘገየ የሚሉ ናቸው። በ1882 የፎቶግራፍ ማንሻ መሣሪያ አዘዘ፤ በሚቀጥለው ዓመት እጁ ገባ፤ በግንቦት 1883ም ራሱን ያነሣበትን ሥዕል በደብዳቤ ውስጥ አድርጎ ላከ። ዛሬ የራምቦን መልክ በሐረር ምን ይመስል እንደ ነበረ የምናውቀው በዚያ ደብዳቤ ነው። በ1881 በአባ ቶረን ካኛ መሪነት ሐረር የገቡት የካፑሲን ማኅበር ካህናትም ከአገራቸው ጋር የሚገናኙት በዚሁ መንገድ ነበር።

መንገዱስ እንዴት ነበር? ደብዳቤው ከሐረር ወጥቶ በጌልዴሳ በኩል ቆላውን አቋርጦ ዘይላ ይወርዳል፤ ርቀቱ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዘይላ በጀልባ ዓደን ይሻገራል። ዓደን በህንድ የእንግሊዝ መንግሥት ሥር ስለ ነበረች ፖስታ ቤቷ እስከ 1937 ድረስ የሚሸጠው የህንድን ቴምብር ነው። ከዓደን በኋላ ያለው መንገድ ቀላል ነው፤ በ1869 የተከፈተውን የስዌዝን ቦይ አልፎ የሚሄደው መርከብ ማርሴይ ያደርሰዋል። አስቸጋሪው ክፍል በሐረርና በባሕሩ መካከል ያለው ነበር። ራምቦ ራሱ በሚያዝያ 1891 ጉልበቱ ታምሞ በቃሬዛ ላይ ተኝቶ በ16 ተሸካሚዎች ከሐረር ሲወርድ ዘይላ ለመድረስ ወደ አሥራ ሁለት ቀን ያህል ፈጅቶበታል። በዚያው ዓመት በኅዳር ማርሴይ ላይ ሞተ።

ይህን ቁጥር ከሌላው ዓለም ጋር ብናስተያየው ነገሩ ይበልጥ ይገባናል። በሐምሌ 1840 የኩናርድ ኩባንያ «ብሪታኒያ» የተባለችው መርከብ ከሊቨርፑል ተነሥታ አትላንቲክን አቋርጣ በሁለት ሳምንት ያህል ቦስተን ደረሰች። ይህም ማለት የራምቦ ቃሬዛ ከሐረር ባሕር ለመድረስ የፈጀበት ጊዜ፤ ከዚያ ሃምሳ ዓመት አስቀድሞ ያች መርከብ ታላቁን ውቅያኖስ ለማቋረጥ ከፈጀባት ብዙ አያንስም። የሐረርን ሰው ከዓለም የለየው ባሕር አልነበረም፤ የብስ ነበር።

ነገር ግን አትላንቲክን በሚሻገረው ደብዳቤም ላይ ችግር ነበረ። መርከቡ ፈጣን ቢሆንም ሒሳቡ የተወሳሰበ ነበር፤ እያንዳንዱ መንግሥት በግዛቱ ላለፈ ደብዳቤ ድርሻዬን ይላልና። አሜሪካና እንግሊዝ ብዙ ከተጣሉ በኋላ በ1848 ውል ተዋዋሉ፤ በውሉም መሠረት ለግማሽ አውንስ ደብዳቤ 24 ሳንቲም ይከፈላል፤ ከዚህ ውስጥ 5ቱ ለአሜሪካ የአገር ውስጥ መንገድ፤ 16ቱ ለባሕሩ፤ 3ቱ ለእንግሊዝ የአገር ውስጥ መንገድ ነው። የባሕሩን 16 ሳንቲም የሚወስደው መርከቡ የማን እንደ ሆነ ታይቶ ነው። የዚያን ዘመን ደብዳቤ የሚሰበስቡ ሰዎች በፖስታው ላይ በቀይና በጥቁር ቀለም የተመቱትን ቁጥሮች እየመረመሩ ማን ለማን ስንት እንደ ከፈለ ያነብባሉ፤ አንድ ወረቀት ለእነርሱ እንደ ሒሳብ መዝገብ ነው። በመጨረሻ በ1874 ሃያ ሁለት አገሮች በስዊስ አገር በበርን ከተማ ተሰብስበው ዓለም ሁሉ ለደብዳቤ እንደ አንድ አገር እንዲቆጠር ተስማሙ፤ ላኪው አገር የቴምብሩን ገንዘብ ለራሱ ያስቀራል፤ ሌላው አገር ግን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያደርስለታል። ይህ ማኅበር የዓለም ፖስታ ኅብረት ተባለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በበርን ከፈረሙት ከሃያ ሁለቱ አንዷ ግብፅ ነበረች። እንግዲህ ሐረርን በጦር ኃይል የያዘው መንግሥት የኅብረቱ አባል ነበረ፤ ነፃነቱን የጠበቀው የኢትዮጵያ መንግሥት ግን ወደዚያ ኅብረት ለመግባት ሠላሳ አራት ዓመት ቈየ።

በ1887 መጀመሪያ ንጉሥ ምኒልክ በጨለንቆ አሚር አብዱላሂን ድል አድርገው ሐረርን ያዙ፤ አገረ ገዥነቱንም ለደጃዝማች መኰንን፤ በኋላ ራስ ለተባሉት፤ ሰጡ። ከዚያ ወዲህ ሐረር የኢትዮጵያ የውጭ ደብዳቤ በር ሆነች፤ ከባሕር የመጣ ሁሉ በራስ መኰንን እጅ ወይም ዓይን ሥር ሳያልፍ ወደ ሸዋ አይወጣም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። በግንቦት 1889 በውጫሌ የተፈረመውን ውል በታሪክ ክፍለ ጊዜ ሁላችንም ተምረነዋል፤ አንቀጽ 17ንም በቃላችን እናውቀዋለን። ዳሩ ግን ያ አንቀጽ ስለ ምን እንደሚናገር ቆም ብለን ያሰብን ጥቂቶች ነን። የሚናገረው ስለ መላላክ ነው! የአማርኛው ቃል አፄ ምኒልክ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት እጅ መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል፤ የኢጣልያኑ ግን ግዴታ አደረገው። አፄ ምኒልክ ዘውድ መጫናቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት በደብዳቤ ባስታወቁ ጊዜ ከንግሥት ቪክቶሪያ የመጣላቸው መልስ ከእንግዲህ የሚጻጻፉት በኢጣልያ በኩል ነው የሚል ነበር። የውሉ ተንኰል የተገለጠው እንግዲህ በደብዳቤ ነው። ኢጣልያ ፖስተኛችን ልሁን ብላ ጌታችን ልትሆን ፈለገች። አፄ ምኒልክ በ1893 ውሉን መሰረዛቸውን አሁንም በደብዳቤ ለመንግሥታቱ አስታወቁ።

እንግዲህ የሚቀጥለውን ቀን ልብ በሉ። በመጋቢት 1894፤ ማለትም በመጋቢት ወር 1886 ዓ.ም.፤ ለስዊሳዊው ኢንጂነር ለአልፍሬድ ኢልግና ለፈረንሳዊው ለሌዎን ሸፍኖ የባቡር መንገድ ሥራ ፈቃድ ሲሰጥ የኢትዮጵያ ፖስታም አብሮ ተመሠረተ። ውል ከተሰረዘ ገና አንድ ዓመት፤ ዐድዋም ሊሆን ገና ሁለት ዓመት ሲቀረው፤ አገራችን በራሷ ፊደል የተጻፈ ቴምብር አሳተመች። ብዙ የታሪክ መጻሕፍት ይህን ነገር በባቡሩ ታሪክ ውስጥ በአንድ መሥመር ያልፉታል። እኛ ግን ለአንቀጽ 17 የተሰጠ አንደኛው መልስ ነው እንላለን።

ቴምብሮቹን የቀረጸው የፓሪሱ ባለሙያ ሉዊ ኧዤን ሙሾን ነው። ሰባት ዓይነት ናቸው፤ ሩብ፤ ግማሽ፤ 1፤ 2፤ 4፤ 8ና 16 ግርሽ። በአራቱ ዝቅተኞች ላይ ዘውድ የጫኑት የአፄ ምኒልክ መልክ አለ፤ በሦስቱ ከፍተኞች ላይ የይሁዳ አንበሳ። አሥራ ስድስት ግርሽ አንድ ብር ስለ ነበረ ትልቁ ቴምብር የአንድ ብር ዋጋ ነበረው ማለት ነው፤ ለተራ ደብዳቤ ማን ይገዛዋል! በአገር ውስጥ መሸጥ የተጀመረው በጥር 1895 ነው። በመጀመሪያዎቹ ማኅተሞች ላይ ከሚነበቡት ስሞች እንጦጦ፤ ሐረርና ጌልዴሳ ይገኛሉ። ከሦስቱ ሁለቱ የእኛ አካባቢ መሆናቸው አያስደንቅም፤ መንገዱ እዚህ ነውና። ደብዳቤው ከሸዋ በእግረኛና በበቅሎ ሐረር ይደርሳል፤ ከሐረር ወደ ጌልዴሳ ይወርዳል፤ ከጌልዴሳ ግመል ተቀብሎ ጅቡቲ ያደርሰዋል፤ የዘይላ ዘመን አልፎ የጅቡቲ ተራ ደርሷልና።

ጅቡቲ ሲደርስ ግን ቴምብሩ ሥልጣን አልነበረውም። ኢትዮጵያ የኅብረቱ አባል ስላልሆነች የፈረንሳይ ፖስታ ቤት የአፄ ምኒልክን መልክ እንደ ክፍያ አይቈጥረውም፤ ስለዚህ የኦቦክ ወይም የጅቡቲ፤ በኋላም የሱማሌ ጠረፍ የተባለው የፈረንሳይ ግዛት ቴምብር ይጨመርበታል። በዐድዋ ድል ከተገኘ በኋላም ይኸው ነበር። በጥቅምት 1896 በአዲስ አበባ በተፈረመው ውል ኢጣልያ የውጫሌን ውል መሻርና የኢትዮጵያን ፍጹም ነፃነት ተቀበለች፤ በሐረር ፖስታ ላይ ግን የባዕድ ቴምብር ከቦታው አልተነሣም። በጦር ሜዳ በአንድ ቀን የተገኘው ነገር በደብዳቤ ላይ እስኪታይ አሥራ ሁለት ዓመት ወስዷል።

በዚህ መካከል ሌላ ችግር ተነሣ። ቴምብሮቹ በአገራችን ከመሸጣቸው በፊት ፓሪስ ላይ ለሰብሳቢዎች ተሽጠው ነበር። በውጭ አገር በርካሽ የተገዛ ቴምብር ተመልሶ እዚህ እንዳይሠራ በላዩ ላይ ምልክት መምታት አስፈለገ። በ1901 የአገራችን ስም በፈረንሳይኛ ፊደል ተመታበት፤ በ1902 «ቦስታ» የሚል ቃል፤ በ1903 «መልእክት»፤ በ1905 የሳንቲም ቁጥሮች፤ በ1906 «ምኒልክ» የሚል ስም። ለሰብሳቢዎች ይህ ሁሉ ትልቅ ጨዋታ ነው፤ ለአንድ አዲስ መሥሪያ ቤት ግን ጨዋታ አልነበረም። «ቦስታ» የሚለው ቃል ግን ደስ ያሰኘናል፤ አያቶቻችን ሲናገሩ እንዲሁ ይሉ ነበርና፤ አነጋገራቸው በቴምብር ላይ ታትሞ ቀርቷል።

በ1902 መጨረሻ የምድር ባቡር ድሬዳዋ ደረሰ። ለደብዳቤ ይህ ትልቅ ደስታ ነው፤ ከጅቡቲ በግመል ብዙ ቀን የሚፈጀው መንገድ አጠረ። ለሐረር ግን ደስታው ግማሽ ነበር፤ ባቡሩ ተራራውን ስላልወጣ የውጭ ደብዳቤ በር የመሆን ዕድል ከእኛ ወደ ድሬዳዋ ወረደ። ጌልዴሳማ ጭራሽ ተረሳች። ከአሜሪካ መንግሥት የተላከው ሮበርት ስኪነር በ1903 ከአፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሊዋዋል ሲመጣ ከባቡር የወረደው ድሬዳዋ ላይ ነው። ወደ ዋሽንግተን የሚሄድ ደብዳቤ ቀይ ባሕርን፤ ሜዲቴራኒያንንና አትላንቲክን ሦስቱንም መሻገር ነበረበት። ፈረንሳዮችም በእነዚህ ዓመታት በሐረር፤ በድሬዳዋና በአዲስ አበባ የራሳቸውን ፖስታ ቤት ከፍተው ነበር። በሌላ ሰው ቤት ውስጥ ሌላ ደጅ መክፈት ነው። የሐረር ነጋዴ ምን ያድርግ? ቶሎ የሚደርስለትን ይመርጣል፤ እኛም አንወቅሰውም።

በመጨረሻ ጥቅምት 22 ቀን 1901 ዓ.ም.፤ ማለትም በኖቬምበር 1 ቀን 1908፤ ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። የፈረንሳይ ፖስታ ቤቶችም ተዘጉ። በ1909 የሰሎሞን ዙፋንና የአፄ ምኒልክ መልክ ያለባቸው አዲስ ቴምብሮች ወጡ፤ በእነርሱም ላይ አማርኛና ፈረንሳይኛ አብረው ተጽፈዋል። የሐረር ደብዳቤ ከዚያ ወዲህ ረዳት ቴምብር አላስፈለገውም።

ስለ መሰብሰብ ጥቂት እንጨምር፤ በትምህርት ቤታችን ቴምብር የሚሰበስቡ ተማሪዎች ብዙ ናቸውና። አብዛኛው ሰው አሮጌ ፖስታ ሲያገኝ ቴምብሩን ቀድዶ ወይም በውኃ ነክሮ ያወጣና ፖስታውን ይጥላል። ከላይ የተናገርነው ታሪክ ሁሉ የሚጠፋው በዚያች ደቂቃ ነው። ያልተሠራበት የ1894 ቴምብር ብዙ ስለ ታተመ በቀላሉ ይገኛል፤ ከነፖስታው፤ ከነማኅተሙ የተገኘ ግን ብርቅ ነው። ቴምብሩ ብቻውን መልክ ነው፤ ፖስታው ግን መንገዱን ይናገራል፤ ከፊቱ የሐረር ማኅተም፤ ከጎኑ የጅቡቲ፤ ከጀርባው የደረሰበት ከተማና ቀን። ከእነዚህም ብዙዎቹ ሰብሳቢዎች ለራሳቸው የጻፏቸው ስለ ሆኑ፤ ሐሰተኛ ማኅተምም ስላለ፤ ነጋዴ ለነጋዴ፤ ልጅ ለእናቱ የጻፈው እውነተኛ ደብዳቤ ከሁሉ ይበልጣል። እንዲህ ያለው ወረቀት ምናልባት በጁገል ውስጥ ባሉ አሮጌ ሣጥኖች፤ ከቡና ሒሳብና ከቤት ውል ጋር ተጠቅልሎ ተቀምጦ ይሆናል። ያገኘ ሰው ሳይነካው ለሸሪፍ ሙዚየም ወይም ለታሪክ መምህራችን ቢያሳይ እንወዳለን፤ በአዲስ አበባም በዋናው ፖስታ ቤት የቴምብር ሙዚየም አለ።

በሰብሳቢዎች ገበያ ሁለት ቴምብር ያለበት የሐረር ፖስታ ዋጋው ከፍተኛ ነው፤ ከ1909 በኋላ የተላከው፤ የኢትዮጵያ ቴምብር ብቻ ያለበት፤ ከእርሱ ያነሰ ዋጋ ያወጣል። ገዢዎቹ የሚፈልጉት ብርቅ የሆነውን ስለ ሆነ አንፈርድባቸውም። እኛ ግን ምርጫው ቢሰጠን ርካሹን እናነሣ ነበር።